አላርሙስ ጮኸ፤ ማን ተነሣ?

ያገራችን ሰው «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እያለ የሚተርተው በዘገየ ውሻ ላይ ነው። እኔ ዛሬ የማጫውታችሁ ግን በሰዓቱ ስለጮኸ ውሻ ነው። ጅቡ ገና ግቢ ሲገባ ጮኸ። የሰፈሩ ሰው በሙሉ ሰማው። ሰምቶም ብርድ ልብሱን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ተኛ። ከተኙት አንዱ ይህን የሚጽፈው ሰው ነው።

ውሻ ያልኩት አላርሙን ነው።

አዲስ አበባ ላይ ድሮ ሀብት የሚታወቀው ግንብ ላይ በተሰካ የጠርሙስ ስባሪ ነበር። ቀጥሎ እሾሃማ ሽቦ መጣ፣ ከዚያ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ ተዘረጋ። አሁን ደግሞ ዘመኑ የካሜራና የአላርም ነው። ሱቁም፣ ቪላውም፣ ኮንዶሚኒየሙም እየገጠመ ነው። ሻጩም «ከእንግዲህ እንቅልፍዎን ይተኙ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ተኝተናል።

የምኖረው ገርጂ አካባቢ፣ አንድ ግቢ ውስጥ ባለች ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነው። ከአጥሩ ማዶ የሚኖሩት ሴት (ስማቸው ይቆየን፤ ሰፈሩ ሁሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው) ከዱባይ ልብስ እያስመጡ ለመርካቶ ነጋዴ የሚያከፋፍሉ ብርቱ ሰው ናቸው። በራቸው ላይ አሥራ አንድ ዓመት ያገለገሉ ሽማግሌ ዘበኛ ነበሯቸው። አሮጌ ካፖርት፣ አንድ ዱላ፣ የቆርቆሮ ማማ፣ ከሰል የሚነድባት ጣሳ፤ የጦር መሣሪያቸው ይኸው ነበር። ሰውየው ሳል ነበረባቸው። ሌሊት ነቅቶ የሽማግሌውን ሳል የሰማ ሰው «አሉ» ይልና ተመልሶ ይተኛል። ሳላቸው ካልተሰማ ደግሞ አንዱ ጎረቤት በአጥር ላይ «አባባ፣ ደህና ነዎት?» ማለቱ አይቀርም ነበር።

ታዲያ እትዬ አንድ ቀን አላርም ገዙ። ሻጩ በካልኩሌተር አስልቶ አሳያቸው አሉ፤ የዘበኛው የጥቂት ወራት ደሞዝ የማሽኑን ዋጋ ይችላል። ማሽን አይታመም፣ ለቅሶ አይሄድ፣ በዓል ሲመጣ የዶሮ መግዣ አይጠይቅ። ሽማግሌው የሁለት ወር ደሞዝና አንድ ጋቢ ተሰጥቷቸው ተሸኙ። በማግስቱ ሌሊት ሰፈሩ ውስጥ የሚያስል ሰው ጠፋ።

አላርሙ መጀመሪያ የጮኸ ዕለት ሰፈሩ እንዳለ ወጣ። ዱላ የያዘ አለ፣ ዘነዘና የያዘ አለ፤ እኔም እጄ ላይ ያገኘሁትን መጥረጊያ ይዤ ወጥቻለሁ። ድመት ናት። በሳምንቱ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ጮኸ። ነፋስ የጓሮውን በር ሲያንቀጫቅጨው ጮኸ። የቤት ሠራተኛዋ ቁጥሩን ረስታ ሩብ ሰዓት ሙሉ አምባረቀባት። በሦስተኛው ሳምንት የሚወጣ ሰው ጠፍቶ በመስኮት ማየት ሆነ። በሁለተኛው ወር እሱም ቀረና «ደሞ ጀመረው!» ብሎ መራገም ብቻ ተረፈ። ልጆች ሳለን የተረቱልን ያ ውሸታም እረኛ፣ «ተኩላ መጣ!» እያለ ያገሩን ሰው የሚያሯሩጠው፣ ባትሪ ተገጥሞለት ግድግዳ ላይ ተሰቀለ ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት እትዬ ለለቅሶ ደሴ ሄዱ። ሠራተኛዋንም ይዘዋት ነው የሄዱት። መብራት ከጠፋ አንድ ቀን ሞልቶታል። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አላርሙ ጮኸ። ነቃሁና ስልኬን አየሁ፤ ሰዓቱን የማውቀው ለዚህ ነው። «ኤጭ!» አልኩ። ለጥቂት ደቂቃ ከጮኸ በኋላ ድምፁ እየሰለለ፣ እየሰለለ ሄደና እንደታመመች ድመት ሆኖ ጸጥ አለ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ አለኝ።

ሌቦቹ በበር አልገቡም። በጓሮ በኩል ቆርቆሮ ነቅለው በኮርኒስ ወርደዋል። ወርቁን ወሰዱ፣ ቴሌቪዥኑን ወሰዱ፤ ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ በዱቤ የመጣውን ስድስት ጆንያ ልብስ ጭነው ሄዱ። ስድስት ጆንያ! ይህን ሁሉ በአጥር አሻግሮ መኪና ላይ ለመጫን ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አስቡት። ሰፈሩ ሙሉ ሰው ነበረበት።

እትዬ ከደሴ ሲመለሱ ለቅሶአቸውን እዚያው ጨርሰው የመጡ ይመስላሉ። አልጮኹም፣ አልተሳደቡም። አጥሩ ጋ ቆመው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«አንተ ልጅ፣ ጩኸቱን ሰምተሃል?»

«ኧረ አልሰማሁም እትዬ» አልኳቸው።

ዋሸሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከዚያች ቃል ለመገላገል ነው ብትሉኝ አልከራከርም።

መቼም የነገሩን ውስጥ ሳያዩ መራገም ደግ አይደለምና፣ አንድ ኤሌክትሪሻን ወዳጄን ይዤ ሄጄ እትዬን አስፈቅደን ማሽኑን ፈታነው። አቤት ማሽን! ያን ሁሉ ገንዘብ የተከፈለበት ጥበብ ሲፈታ እንዲህ ነው። በሩ ላይ የምትለጠፈው ነገር ማግኔት ናት። በሩ ሲከፈት ማግኔቷ ከጎኗ ካለችው ቀጭን ማብሪያ ማጥፊያ ትርቃለች፤ ማሽኑም «በር ተከፈተ» ይላል። ከዚህ ሌላ ዕውቀት የላትም። በር ሳይከፍት በቆርቆሮ የወረደውን ሰው አታውቀውም። ጥግ ላይ የምትሰቀለው ነጭ ዓይን ደግሞ ሙቀት ያለው ነገር ሲንቀሳቀስ ትለያለች። ሰው ሙቀት አለው። ድመትም አላት። ፊቷ ላይ የምትሄድ ሸረሪት እንኳ ልታስጮኻት ትችላለች።

አስተውሉ፤ ይህቺው ዓይን ላልሆነው ስትጮህ ለሆነው ደግሞ ዝም የምትልበት መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2003 ቤልጅየም ውስጥ አንትወርፕ ከተማ፣ ከመሬት በታች ሁለት ፎቅ ወርዶ የተሠራ የአልማዝ ማስቀመጫ ተዘረፈ። ግምቱ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው ይባላል። ቦታው በዓለም ከሚፎከርባቸው አንዱ ነበር። ዘራፊዎቹ ግን በሩ ላይ ያለውን ማግኔት ከነጓደኛው በጥንቃቄ ነቅለው ሳይለያዩ ወደ ጎን አቆሙት። ማግኔቱ ከጓደኛው አልራቀምና ማሽኑ በሩ ተዘግቷል ብሎ ቀጠለ። የሙቀቷን ዓይን ደግሞ በሴቶች የፀጉር ስፕሬይ ጋረዷት። የተያዙት በአላርም አይደለም፤ መንገድ ዳር በጣሉት ቆሻሻ ነው። ቆሻሻው ውስጥ ግማሹ የተበላ ሳንድዊች ነበረበት።

ወደ እትዬ ማሽን ልመለስ። ውስጧ ያለችው ባትሪ መብራት ሲጠፋ ለተወሰነ ሰዓት እንድታቆየን የተሠራች ናት። በደህና ጊዜ ዕድሜዋ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው። መብራት ሄድ መለስ በሚልበት አገር ደግሞ ቶሎ ትደክማለች፤ እንደኛው። ያን ሌሊት እየሰለለ የሞተው ድምፅ የባትሪዋ ጣር ነበር።

ቀጥሎ ወዳጄ ከማሽኑ ጎን አንዲት ሲም ካርድ መዝዞ አወጣ። ሌባ ሲገባ ማሽኑ ባለቤቱ ስልክ ላይ እንዲደውል የምትገባ ሲም ናት። ስልኩ ላይ ከተታትና ሒሳቧን ጠየቀ። ባዶ! ከተገዛች ጀምሮ ካርድ የሞላባት ሰው የለም። ሻጩ አልነገራቸውም፣ እሳቸው አልጠየቁም። እንግዲህ በዚያ ሌሊት ማሽኑ ደሴ ልደውል ብሎ ይሆናል፤ ሒሳብ የለህም ተብሎ አፉን ዘግቷል። ቤት ሙሉ ንብረት በአንዲት የካርድ መሙያ ሄደ።

ካርድ ቢሞላስ? ኔትዎርኩ ሲኖር አይደል! ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ዋሽንግተን ተቀምጠው አዲስ አበባ የሠሩትን ቤት በስልካቸው ካሜራ ያያሉ። ደግ ነው። ሰኔ 2012 ዓ.ም. ሃጫሉ ሁንዴሳ ሲገደል መንግሥት ኢንተርኔቱን ዘግቶ ከሁለት ሳምንት በላይ አገሩ በሙሉ ጨለማ ሆኖ ከረመ። ሁከት ነግሦ ሰው ሲገደል፣ ቤትና ሱቅ ሲቃጠል የሰነበተው በዚያው ሰሞን ነው። ባለካሜራው ቤቱን ማየት በፈለገባት በዚያች ሳምንት ካሜራው ዕውር ነበር ማለት ነው። የሌባ መሣሪያ አያስፈልግም፤ መዝጊያው ያለው ሌላ ሰው እጅ ነው።

ይህ የድህነታችን ጣጣ ነው የሚል ካለ ለንደን ልውሰደው።

ሃተን ጋርደን የሚባለው የለንደን መንገድ የወርቅና የአልማዝ ነጋዴ መንደር ነው። እዚያ አንድ ምድር ቤት ውስጥ ነጋዴዎች ንብረታቸውን በየሣጥኑ ቆልፈው የሚያስቀምጡበት ድርጅት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ለፈረንጆቹ ፋሲካ ሱቁ ሁሉ ሲዘጋ ሽማግሌዎች ገቡበት። በእውነት ሽማግሌዎች! አብዛኞቹ ስድሳና ከዚያ በላይ የሆናቸው፣ ትልቁ 76 ዓመቱ። የአሳንሰሩን ጉድጓድ ይዘው ወረዱ። ውፍረቱ ግማሽ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ግድግዳ በመሰርሰሪያ መብሳት ጀመሩ።

አሁን ጉዱን ስሙ። አላርሙ ሠርቷል። የስልክ መስመሩን ቢቆርጡትም ምልክቱ ሾልኮ ወጥቶ ተቆጣጣሪው ኩባንያ ደርሷል። ኩባንያውም ስቅለት በገባበት ሌሊት፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 25 ቀን 2007 ዓ.ም. ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ላይ ለፖሊስ አስታወቀ። ፖሊስ ጥሪውን መዘገበና መሄድ አያስፈልግም የሚል ደረጃ ሰጥቶ ተወው። የጥበቃ ሠራተኛ ግን ተልኮ መጣ። በሩን ከውጭ አየ፤ አልተሰበረም። በቀዳዳ ወደ ውስጥ ተመለከተ፤ ምንም የለም። ከባለቤቶቹ ወገን አንዱም ከቤቱ ተነሥቶ ወደዚያው እየመጣ ነበር፤ ጥበቃው ደህና ነው ሲለው ከመንገድ ተመለሰ። ዘራፊዎቹ ያኔ ከእግሩ በታች ነበሩ።

በዚህ አላበቃም። የሽማግሌዎቹ መሣሪያ ተሰበረና በዚያ ሌሊት ሣጥኖቹ ጋ መድረስ አልቻሉም። ጠዋት ወጥተው ሄዱ። ሌላ መሣሪያ ገዝተው ቅዳሜ ማታ ተመለሱ! አላርሙ እንግዲህ ለባለቤቶቹ የሰጣቸው ደቂቃ አይደለም፣ ሙሉ ቀንና ከዚያም በላይ ነው። ማንም አልተጠቀመበትም። ከ70 በላይ ሣጥን ተሰብሮ፣ ግምቱ 14 ሚሊዮን ፓውንድ የሆነ ንብረት ወጥቶ፣ ነገሩ የታወቀው በዓሉ አልፎ ማክሰኞ ሥራ ሲከፈት ነው። ፖሊስ ኋላ ላይ የጥሪ አቀባበል ሥርዓቱ እንዳልተከበረ አምኗል። ሰዎቹንም በመንገድ ካሜራ ከታየ መኪና ተነሥቶ በሚቀጥለው ወር ያዛቸው። ወርቁና አልማዙ ግን አብዛኛው እንደወጣ ቀረ።

ያ የለንደን ፖሊስ ሰነፍ ነው ብዬ ልሰድበው ፈልጌ ነበር። ግን በምን አፌ? እሱም እንደኔው ነው። አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ ከሚደርሰው የሌባ አላርም ጥሪ ውስጥ ከመቶ 94 እስከ 98ቱ የሐሰት መሆኑን የአገሪቱ የፍትሕ ሚኒስቴር ያሳተመው መመሪያ ይናገራል። መቶ ጊዜ ተጠርቶ ዘጠና አምስት ጊዜ ድመት ያገኘ ፖሊስ በመቶ አንደኛው እንዴት ይሩጥ? ሶልት ሌክ ሲቲ የሚባለው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000 ማብቂያ ላይ ነገሩ ሲመረው ሕግ አወጣ፤ ሌባ ስለመኖሩ መጀመሪያ በሰው ዓይን ካልተረጋገጠ በስተቀር አላርም ስለጮኸ ብቻ ፖሊስ አይላክም። ማሽን ዘበኛን ይተካል ተብሎ ተሸጠ፤ ዞሮ ዞሮ ማሽኑን የሚያረጋግጥ ዘበኛ አስፈለገ።

ኖርዌዮችም ቀምሰውታል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1994 የክረምት ኦሊምፒክ በሚከፈትበት ዕለት ጠዋት፣ ሁለት ሰዎች ኦስሎ ብሔራዊ የሥዕል ጋለሪ ላይ መሰላል አቁመው በመስኮት ገቡ። የሙንክን «ጩኸት» የተባለ ሥዕል በ50 ሴኮንድ ውስጥ ይዘው ወጡ። አላርሙ ጮኾ ነበር። ጠባቂው የተለመደው የሐሰት ጩኸት መስሎት ዝም አሰኘው። ሌቦቹ ስለደካማው ጥበቃ የሚያመሰግን ካርድ ትተው ነው የሄዱት። እንደው ስሙም አይገርማችሁም? «ጩኸት»!

ሰው ሁሉ ቢነሣስ? ይህም ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 19 ቀን 2025 ፓሪስ፣ ሉቭር ሙዚየም፣ በጠራራ ፀሐይ። ሌቦቹ የቤት ዕቃ መጫኛ መሰላል ባለው መኪና ወጥተው መስኮት ቆረጡ። አላርሙ ጮኸ፣ ጠባቂዎቹም እንደታዘዙት ሰዉን አሸሹ፣ ፖሊስም ተጠራ። ሌቦቹ 88 ሚሊዮን ዩሮ የተገመተ ጌጥ ይዘው የወጡት በስምንት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ነው። ወዳጄ ኤሌክትሪሻኑ ይህን ስነግረው እንዲህ አለኝ፤ «አላርም ጊዜ አይሰጥህም፣ ጊዜ የሚሰጥህ ቁልፍና ግድግዳ ነው። ሌባው ግድግዳውን ሰብሮ እስኪገባ ሰው መድረስ አለበት። ካልደረሰ ማሽኑ የሚያደርገው ሌባውን አፍጥን ማለት ነው።» የእትዬ ኮርኒስ ቺፑድ ነው። አንድ ርግጫ አይችልም። ያን ሁሉ ብር ማሽኑ ላይ ከማፍሰሳቸው በፊት ለቆርቆሮው ሥር ወፍራም የብረት ፍርግርግ ቢያሠሩበት ኖሮ ሌቦቹ ገና ጣራ ላይ ሲታገሉ ነግቶባቸው ነበር። ይህን ግን የሚሸጥ ማስታወቂያ የለም።

አባቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። ያገሬ አላርም «ኡኡ!» ነው። ባትሪ የለው፣ ሲም ካርድ የለው። ጥንካሬው ግን ከጩኸቱ አልነበረም፤ ከኋላው ሥርዓት ስለነበረው ነው። ሌባ ሳይያዝ ካመለጠ አፈርሳታ ይቀመጣል፤ አውጫጭኝም የሚሉት አሉ። መንደርተኛው በሙሉ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅ በቀላሉ አይበተንም። ሳይታወቅ ከቀረ አገሩ ተዋጥቶ የተሰረቀበትን ሰው የሚክስበት ጊዜም ነበር። ብዙ ንጹሕ ሰው ሥራ ፈትቶ ይውልበታል፣ ቂመኛም ጠላቱን ይጠቁምበታል፤ ይመለስ የምል ሰው አይደለሁም። ብቻ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሌሊት ጩኸት የሰማ ገበሬ ካልተነሣ ነገ ከኪሱ እንደሚወጣ ያውቅ ነበር። የእትዬ ስድስት ጆንያ ሲሄድ ከኔ ኪስ አምስት ሳንቲም አልወጣም።

ውሻም ቢሆን በበላበት ይጮኻል። ማሽኗ ግን የማንን እንጀራ እንደበላች አታውቅም፤ ለድመቱም ለሌባውም አንድ ድምፅ ነው ያላት። ሽማግሌው ዘበኛ ድመቷን በስሟ ያውቋት ነበር።

አላርም አትግዙ አላልኩም። መቼም ዕዳው እትዬ ላይ ነውና ማሽኑን አልጣሉትም። ወዳጄ አዲስ ባትሪ ገጠመበት፣ ዓይኗን ድመቷ ከምታልፍበት መስኮት ወደ ኮርኒሱ አዞራት። ሲሟ ላይ በየወሩ መጀመሪያ ካርድ የሚሞላው የእህታቸው ልጅ ነው። ሽማግሌውን ፈልገናቸው ነበር፤ አገራቸው ገብተዋል አሉን። ሰባት ቤት ሆነን አንድ ወጣት ዘበኛ ቀጥረናል። ለየቤቱም አንዳንድ ፊሽካ ገዝተናል። ስምንተኛው፣ ባለፎቁ ጎረቤታችን፣ ካሜራ አለኝ ብለው መዋጮውን እንቢ ብለዋል። ክርክሩ አሁንም አላለቀም።

ባለፈው ሐሙስ ሌሊት አላርሙ ጮኸ። እግሬን ለማንሣት ትንሽ እንደከበደኝ አልደብቅም። ያችኑ መጥረጊያዬን ይዤ ወጣሁ። አራት ሰው ሆንን፤ አምስተኛው ፊሽካውን እየነፋ በፒጃማ መጣ። ሌባ አልነበረም፣ የጓሮ በር ነው። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጥተው ሁላችንንም አንድ በአንድ አዩን፤ እኔ ጋ ሲደርሱ ትንሽ ቆም አሉ። የዚያን ሌሊቱን ነገር እስካሁን በአፌ አልነገርኳቸውም። ጋዜጣ የሚያነቡ ሰው አይደሉም፤ ይህን ግን አንዱ ሳያነብላቸው አይቀርም።